የታችኛው ማሳ መርዶ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ (ይህን ስጽፍ ማንም አላስገደደኝም)፤

እንዴት ሰነበትሽ? የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የሚውለው ወገብሽስ እንዴት ነው? የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ ማንኮራፋቷን ተወች ወይስ አንቺም ለምደሽ ትቀበያታለሽ? እኔ፣ አባባና እማዬ ደህና ነን። ከቤተሰቡ ግን አንድ ስለጎደለብን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በታላቅ ሐዘን የማረዳሽ፣ የወንዝ ዳሩ ታችኛው ማሳችን ክረምቱን ሲያጣጥር ቆይቶ ማረፉን ነው።

ተራራው ላይ የእንግዳ ማረፊያ እየተሠራ ነው ብዬሽ አልነበር? መኪና እስከ አናቱ እንዲወጣ ብለው የተራራውን ጎን በዶዘር እንደ ዳቦ ቆረሱት። ዛፉን ነቀሉ፤ የቆፈሩትን ኮረትና ነጭ አፈር ወደ ገደሉ ገፍተው ተዉት። እኛም ከታች አንጋጠን እያየን ልንለማ ነው ስንል ከረምን። እኔማ በሐሳቤ ዘበኛ ሆኜ ተቀጥሬ፣ የደንብ ልብሱ ሁሉ አምሮብኝ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ። አባባን ታውቂው የለ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ለማሳ የእናት ጡት ነው ይላል። እንደየዓመቱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እኔን ከብርድ ልብሴ ጎትቶ፣ የቦዩን አፍ አስከፈተኝ። አስፋው፣ አስፋው፣ ይጥገብ ይለኛል። አሰፋሁት፤ ጠገበ። ጥቁሩ ደለል ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ አሸዋና ጠጠር ተኛበት። በገዛ እጃችን ጋብዘን አስገባነው። ሥራ ሁሉ ለነገ ስለሚል «ነገ ነገ» የምንለው ጎረቤታችን ቦዩን ሳይከፍት ተኝቶ ማሳው ተረፈለት። ስንፍና እንዲህ ያዋጣል ብዬ አባባን ላሽሟጥጠው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

ጠጠሩን ለቅመን በጆንያ አወጣን፤ ቀጣዩ ዝናብ ሌላ አመጣ። አፈሩ ደርቆ እንደ ቤት ወለል ሆነ። የተከልነው ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ጣቴን አክሎ ቀረ። አባባ አፈሩን በእፍኙ አንስቶ ያሸታል፤ ምንም አይሸትም ይላል። የሥራው ኃላፊ ዘንድ ወጥቶ ቢያመለክት፣ አባት፣ የእኛ ሥራ እላይ ነው፣ የእርስዎ እርሻ ታች ነው፣ ምን አገናኘን ብሎ ሸኘው። ወንዙ ነዋ እንኳን ሳይለው ወረደ።

እህቴ፣ ስፌቱን ትቼ እመጣለሁ፣ ያንን ማሳ እኔ አለማዋለሁ ብለሽ ነበር። አባባም ያንቺ ነው ብሎ ከልሎልሽ ነበር። አትምጪ። ሥራሽን እንዳትለቂ። ተራራው ላይ ገና እየቆፈሩ ነው፤ ይኼ አፈር በእኛ ዕድሜ የሚያገግም አይመስለኝም። እማዬ አልጋሽን ዘርግታ ነበር፤ ትናንት አጣጥፋ አስቀመጠችው።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። ጆሮዋ የደከመው አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ይህን ጮኼ መናገር ስላቃተኝ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቅላታለሁ። ነገ ነገም ሰላም በላት ብሎኛል፤ ያለው ግን ትናንት ነው። አባባ ደብዳቤውን ሳነብለት፣ ምነው ልጅቷን አስደነገጥካት፣ ሰው አልሞተ፣ ትንሽ ነገር ነው በላት አለኝ።

ትንሽ ነገር ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከወንዝ ዳሩ ቤት፣ ጥቅምት 28 ቀን