ዘፈኑን ሰምተው ዘፋኙን ላሰሩ አዛዥ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ሶፋ የማለብሰው ሴትዮ ደህና ነኝ። ሦስት ሌሊት ያስተናገዱት የወንድሜ ልጅ ቀጮም ከጉልበቱ በስተቀር ደህና ነው። የምጽፍልዎም ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ለኪነ ጥበብ ስለሰጡት ክብደት አመሰግናለሁ። ቀጮ በወርክሾፔ የስፖንጅ ክምር ውስጥ ተወሽቆ የቀዳው ራፕ «ስልክ ነጠቅሁ፣ በሞተር ከነፍሁ» ብሎ ስለሚጀምር፣ ክቡርነትዎ እንደ ጥፋተኝነት እምነት ቃል ተቀብለውታል። ልለምንዎ ብመጣ «ራሱ ነጠቅሁ ብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን «ሞትኩልሽ» እያሉ ሲዘፍኑ ከሰማኋቸው ወንዶች አንዱንም ቀብሬ አላውቅም።

በዘፈኑ ውስጥ «እኔ» የሚለው የቀጮ አብሮ አደግ፣ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው። የሰፈራችን ባለ ጋራዥ በመጀመሪያ ጫማ ገዛለት፤ ቀጥሎ ሞተር አዋሰው፤ ከዚያ «ውለታዬን መልስ» አለው። ልጁ ስልክ ነጥቆ ሲሸሽ ከጭነት መኪና ሥር ገብቶ ሞተ። እናቱ ዘፈኑን ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ «ልጅሽ ሌባ ነበር ያለኝ ብዙ ነው፤ እንዴት ሌባ እንደሆነ የነገረኝ ግን ይኼ ብቻ ነው» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ቀጮ ሞተር መንዳት እንደማይችል ቢምልም፣ በግቢዎ ውስጥ እንዴት እንደነጠቀ ነድቶ እንዲያሳይ አዘዙት። እርሱም ታዝዞ በቀጥታ ጽጌረዳዎችዎ ውስጥ ገባ። በአበቦቹ አዝናለሁ። ለዚህ ሙከራ ሞተሩን በነፃ ያዋሰዎት ያው ባለ ጋራዥ ነበር፤ ዳር ቆሞም ስለ ወጣቶች ምግባር መበላሸት ከልቡ ሲያዝን ነበር። ዘፈኑ ስለ እርሱ የሚናገረው በሦስተኛው አንጓ ላይ ስለሆነና ክቡርነትዎ ሁለተኛው ላይ ስለዘጉት፣ መተዛዘናችሁ አልገረመኝም። አህያውን ቢፈሩ ዳውላውን መቱ የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው ግን ጣቢያዎን ሳያይ የተናገረው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ምክርዎ ነው። በዚያው ሰሞን ስልኳን የተነጠቀች አንዲት ነርስ መጥታ «የኔ ሌባ ወፍራም ነው» ስትል ቀጮን ሲለቁት፣ «ከእንግዲህ ስለ አበባ ዝፈን» ብለውታል። ሞክሯል፤ ግን አበባ ሲል ጉልበቱን ያመዋል።

ትናንት በጋራዡ በር ሳልፍ ሁለት ጎረምሶች አዲስ ጫማ አድርገው ቆመው ነበር። ባለ ጋራዡ በትከሻቸው ላይ እጁን ጣል አድርጎ እንደ አባት ያጫውታቸዋል። ሦስተኛውን አንጓ ለመስማት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብዎትም።

ጆሮዎን ረጅም፣ ወንበርዎን ምቹ ያድርግልዎ፤ የወንበሩ ስፖንጅ ከሰመጠ እኔ አለሁ።

አክባሪዎ፣
ሶፋ አልባሿ ጎረቤትዎ

ማስታወሻ፦ በርዎ ላይ የሚቆመው ዘብ የቀጮን ዘፈን የስልኩ ጥሪ አድርጎታል። ስልኩን ቶሎ ስለማያነሳ ሦስተኛው አንጓ ድረስ ይሰማል። እባክዎ እንዳያስሩት፤ በጣቢያው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የተከታተለው እርሱ ብቻ ነው።