የጉሮሮው ሴል

ጥቅምት 4
ማቀዝቀዣው ዛሬም ይጮኻል። ጠጋኙ «ነገ» ካለ ሳምንቱ። እኔ ካልጮኽኩ እዚህ ቤት ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። የኢንኩቤተሩን፣ የሴል ማሳደጊያውን ሳጥን፣ በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። «ማን ነው ይሄን ክፍት የተወው?» ብዬ አምባረቅሁ። ቴክኒሻኗ ከማይክሮስኮፑ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ከእርስዎ በቀር የገባ የለም ዶክተር» አለች። ዘጋሁት።

ከሰዓት ደብዳቤው መጣ። የካንሰር ማዕከሉ ለጀማሪ ምርምር የሚሰጠውን የመነሻ ገንዘብ አሸንፈናል። ከታች ፎቅ ያለው ተመራማሪ፣ «ጥድፊያ»፣ ሁለተኛ ወጣ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነው የሚሠራው። የቴክኒሻኗ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቅ ነበር፤ አንድ ዓመት ሊራዘምላት ነው። አለቀሰች መሰለኝ። ዞር አልኩላት።

ጥቅምት 9
ገንዘቡን ለማዕከሉ የሰጡት ሽማግሌ መጡ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሚስታቸው በጉሮሮ ካንሰር ነው የሞቱት። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። «ልጄ፣ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?» ገና ጅምር መሆኑን አስረዳኋቸው። በጉሮሮ ካንሰር ሴሎች ላይ አንድ ውህድ ሞከርን፣ ሴሎቹ ሞቱ፤ እስካሁን ይኸው ነው። «ይሁን፣ ብቻ አደራ» አሉ። የማዕከላችን ዳይሬክተር ፎቶ አስነሣን። ፈገግ በል አለኝ... ምኑ ያስቃል?

ጥቅምት 17
አንድ ወረቀት ጎደለ፤ የሴሎቹ ማንነት ማረጋገጫ። ማመልከቻው ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ጽፌያለሁ። መቼ? መዝገቤን አገላበጥኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ ጊዜ። ዘጠኝ ዓመት! ተማሪ ቢያደርገው በዚያው ቀን ነበር የማስወጣው። ናሙና ላክሁ። እርግጠኛ ነኝ... ታዲያ የፖስታውን አድራሻ ለምን ሦስት ጊዜ አነበብኩት?

ጥቅምት 25
የጉሮሮ አይደሉም።

ጥቅምት 26
የማኅፀን በር ካንሰር ሴሎች ናቸው። በየላቦራቶሪው እንደ አረም የሚያድጉት። አንዲት ጠብታ ከገባች ሌላውን ውጣ ትጨርሰዋለች። ቀኑን አገኘሁት፤ መጋቢት 12፣ ለማመልከቻው ስጣደፍ። በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ከሰዓት፣ እነዚህንና የጉሮሮዎቹን ሴሎች ከአንድ ጠርሙስ መግቤያለሁ። ግድግዳው ላይ «በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሴል ብቻ» የሚለውን የለጠፍኩት እኔ። መዝገቡ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍም የእኔ። አሁን ማን ላይ ልጩህ?

ባለቤቴ ምሳ ላይ፣ «ምነው፣ ጥርስህን አመመህ እንዴ?» አዎ አልኳት።

ጥቅምት 29
ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።
«ጀማሪ ምርምር አይደል እንዴ? አዲስ ሴል አስመጣና ቀስ ብለህ ድገመው። ማን ያውቃል?»
«እኔ።»
«አንተማ ራስህን ካልበላህ አይነጋልህም። ቴክኒሻኗንስ አስበሃታል? ገንዘቡ ከተመለሰ ነገ ቤቷ ናት።»
አስቤያታለሁ። ሌላ ምን አስባለሁ? ብናገር እሷ እንጀራዋን ታጣለች። ዝም ብል ሽማግሌውን አታለልኩ። ወዲያም ግድግዳ፣ ወዲህም ግድግዳ።

ኅዳር 3
አሁንም ዝም። በየጠዋቱ የሐሰት ሴሎቼን እመግባለሁ። ሲያድጉ ደግሞ ማማራቸው!

ቴክኒሻኗ ጠየቀችኝ፣ «ብልቃጦቹን ለምን ቆለፉባቸው?» ነገርኳት።
«እኔ ብሆን ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር?»
«አባርርሽ ነበር።»
«አውቃለሁ።» ጓንቷን አወለቀች። «ሚያዝያ ላይ ነግሬዎት ነበር። እድገታቸው በዛ ብዬ።»
«ምን አልኩሽ?»
«‹አንቺ ቁጠሪ፣ ማሰቡን ለእኔ ተዪው።›»
ብያለሁ። ድምፄን ራሱ አስመስላ ነው የተናገረችው።
«ዝም ያሉት ለኔ ኮንትራት ብለው ከሆነ፣ እኔን ሰበብ አያድርጉኝ ዶክተር።»
ማታውኑ ጥፋቴን የሚናገር ደብዳቤ ጻፍኩ።

ኅዳር 5
የጻፍኩትን ደብዳቤ ዳይሬክተሩ «አላየሁትም» ብሎ መለሰልኝ። ይዤው ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ይለካሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ታዲያ የሚስቴ በሽታ አልነበረም?»
«አልነበረም።»
«ማን ነው ያበላሸው?»
«እኔ።»
ሜትሩን ጠቀለሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በሰደቡኝ። «ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር?» አሉ ብቻ።
ነገርኳቸው። ትክክለኛ ስሙን።
«ሥራው ጥሩ ነው?»
ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ... «ጥሩ ነው» አልኩ። እንዴት መረረኝ!

ኅዳር 20
ገንዘቡ ወደ ታች ፎቅ ወረደ። ጥድፊያ ገንዘቡን ባገኘ ማግስት ቴክኒሻኗን ቀጠራት፤ መጣደፉ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመ። የእኔ ክፍል ይዘጋል። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልኩን ያወጣል። ብልቃጦቹን ሰብስቤ በእንፋሎት ማሽኑ ገደልኳቸው። የስምንት ወር ሥራ በአርባ ደቂቃ።

ታኅሣሥ 8
ጥድፊያ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ሰጠኝ። ለምኜ። «ችግር የለም፤ ግን እዚህ የሴሎቹ ኃላፊ ቴክኒሻኗ ናት» አለኝ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ሌላ የት እሄዳለሁ? ክፍሉ ጠባብ ነው። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ወረቀት አጥፌ እግሩ ሥር ወተፍኩ።

ዛሬ አዲሶቹ ሴሎች ደረሱ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ይዤ ስገባ ቴክኒሻኗ እጇን ዘረጋች።
«ይቆዩ ዶክተር። መጀመሪያ እኔ ልየው።»
ልናገር አፌን ከፈትኩ... ሰጠኋት። ቆሜ ጠበቅሁ።