ስለ ትራሱ የጻፍኩት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ አሁንም ቀጭ ይላል? ከጥጡ ብናኝ ከራቁ ወዲህ ሳልዎ ለቀቅ አድርጎዎት ይሆን? ይህን ስጠይቅዎ በራሴ አፈርኩ፤ ከጥጡ ለምን እንደራቁ አውቃለሁና። እትዬ ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ልጅዎስ፣ አማችዎስ? ሕፃኗ ጥርስ ማውጣት ጀመረች ብለውኝ ነበር፤ ስንት ሰው ነከሰች? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ከሳሙናው የተነሣ ይላላጣል እንጂ ሌላው አካላቴ እንዳለ ነው። የናፍቆቱን ነገር ብጀምረው ወረቀቱ አይበቃኝምና ልለፈው።

ስደውል ወደ ስልኩ አይመጡልኝም። አንድ ቀን «ተኝተዋል»፣ ሌላ ቀን «ወጣ ብለዋል» እባላለሁ። እትዬ ውሸት ስለማይሆንላቸው «ወጣ ብለዋል» ሲሉኝ እርስዎ ከኋላቸው ሲያስሉ ይሰማኛል። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብዎ። ስልክ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን አንዴ እጅ ከገባ ሳይነበብ አይቀርም ብዬ ነው። ነገሩን ከልጅዎ ሰምተውታል። ከእኔ ከራሴ ግን አልሰሙትም፤ ከሥሩ ልንገርዎ።

የምሠራበት ላውንደሪ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው የሚግባባው በእጁና በቅንድቡ ስለሆነ ለእኔ ዓይነቷ ዝምተኛ የተመቸ ቦታ ነው። ክፍል የምንጋራው ከአንዲት ልብስ ተኳሽ ጋር ነው፤ ምላሷ እንደያዘችው ዕቃ የጋለ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ካውያ» ይላታል። በስልክ ድረ ገጽ መክፈት ያሳየችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ላይ በረከት መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ቢሆን አላማውም። የትኛው ሱቅ ዘይት እንደቀነሰ የሚናገር ድረ ገጽ አለ። አውቶቡሱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ አለ፤ ብርድ ላይ ተገትሮ መጠበቅ ቀረልኝ። ቤት የሚለቅ ሰው ያልፈለገውን ዕቃ በነጻ የሚሰጥበትም አለ። ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ከዚያ ነው የመጣው፤ አንድ እግሩ አጠር ስላለ ከሥሩ ካርቶን አጥፌ አድርጌለታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጥቂት ይተርፈኝ ጀመር። ለሕፃኗ የላኩት ብርድ ልብስ የተገዛው በዚያው ትርፍ ነው።

ቁጠባ ሲጥም ደግሞ ሰው ይሞኛል መሰለኝ። «የመብራት ሂሳብዎን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን አየሁና ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁ። ሂሳቡ ንቅንቅ አላለም። የሆቴሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈትቶ ሲያሳየኝ ውስጡ አንዲት የምትበራ ትንሽ አምፖል ናት፤ ሌላ ነገር የለውም። ካውያ ሆዷን ይዛ «አንቺ ሴትዮ፣ መብራት እቆጥባለሁ ብለሽ መብራት ጨመርሽ እኮ!» አለችኝ። ላውንደሪው ሁሉ «ሳጥኗ እንዴት አደረች?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ የጀመርኩት። በእኛው ቋንቋ የተሠራ፣ እዚህ ባሕር ማዶም እዚያ አገር ቤትም ያለው ሰው ዕቃ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ድረ ገጽ አለ። ከየማስታወቂያው ሥር አስተያየት መጻፊያ ቦታ አለው። «ቆጣቢት» የሚል ስም አወጣሁና ሰውን ማስጠንቀቅ ያዝኩ። ራሰ በራ ላይ ፀጉር አበቅላለሁ የሚለውን ቅባት፣ ሳይሠሩበት ቦርጭ ያጠፋል የሚባለውን ቀበቶ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አልማርኩም። ሰዎች ያመሰግኑኝ ጀመር። «ቆጣቢት ተባረኪ፣ ልገዛ ስል አዳንሽኝ» ይሉኛል።

ጋሼ፣ እኔን ያውቁኛል። ሰው በተሰበሰበበት አፌን ከፍቼ አላውቅም። ፊደልም የለየሁት እርስዎ ትራስ በሚሰፉበት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ጥጡ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት የጋዜጣ ቁራጭ፣ እርስዎ ሲነድፉ እኔ ጥግ ይዤ «ይቺ ማን ናት? ይቺስ?» እያልኩ። እርስዎም ግማሹን አያውቁትም ነበርና ለሁለታችንም ግምት ነበር። ጋዜጣው ቁራጭ ስለሆነ ወሬው መሐል ላይ ሲቋረጥብኝ መጨረሻውን ከራስዎ ጨምረው ይነግሩኛል። እንዲያ ተለቃቅሞ በመጣ ፊደል ጽፋ የምትመሰገን ሴት ስሆን ጊዜ ልቤ አበጠ። እውነቱን ለመናገር ኋላ ኋላ ሰውን ከማዳኑ ይልቅ ማሳቁ ይጥመኝ ነበር።

የትራሱ ማስታወቂያ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ፎቶው ነጭ በነጭ የሆነ አልጋ፣ ፈገግ ያለች የማላውቃት ሴት። «የአንገት ሕመምን ከሥሩ ይነቅላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጋደም ባለ በመጀመሪያው ሌሊት ይወስደዋል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ቅርጹን አይለቅም፤ በባለሙያ የተመሰከረለት» ይላል። የእርስዎ ስም የለበት፣ የሱቁ በር የለበት። ከዝርዝሩ መጨረሻ «ጥጥ» የሚለውን ሳይ ብቻ ደሜ ፈላ፤ በቀን ስንት ትራስ እጄ ላይ እንደሚያልፍ ያውቃሉ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሥራዬ ማጠብ ነው። ታጥቦ ቅርጹን የማይለቅ የጥጥ ትራስ አላየሁም፤ ይጓጉላል። አንገት የሚያድን ትራስ ቢኖር ሐኪሞቹ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ይህን የሰፋ ሰው ራሱ ተኝቶበት አያውቅም። ገንዘባችሁን ያዙ።»

ሰው ወደደው። «ጠቃሚ ነው» የሚለውን ምልክት የሚነካው በዛና የእኔ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ለካውያ ባነብላት «በስመ አብ! አንቺማ ዝም ያልሽው ስታጠራቅሚ ነው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ ልጅዎ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አንዲት እግዜር የማይወዳት ሴትዮ አባዬን ጉድ አደረገችው» ብላ ያቺን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችልኝ። የራሴን ቃል በእሷ አፍ ስሰማው ውሃ ሆንኩ። ማስታወቂያውን ያወጡት እሷና አማችዎ እንደሆኑ፣ ገበያ ስለቀዘቀዘብዎ ሊያግዙዎ አስበው ከሌላ ማስታወቂያ ቃሉንም ፎቶውንም ቀድተው እንደሆነ፣ እርስዎ ምን እንደተጻፈ እንኳ እንደማያውቁ ነገረችኝ። በሰፈሩ ያለው የማረፊያ ቤት ባለቤት በዚያው ማስታወቂያ ለክፍሎቹ ሁሉ ትራስ አዝዞ ኖሮ፣ ሱቅዎ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኛ ቆሞ እያለ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበብዎ አለችኝ። «የሰፋው ሰው ተኝቶበት አያውቅም» ላይ ሲደርስ ሰዎቹ ሳቁ፤ ሰውዬውም ትዕዛዙን ሰረዘ፤ እርስዎም መርፌዎን ጨርቁ ላይ ሰክተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁ አልተከፈተም አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ስደግምላት ስልኩን ዘጋችው።

ጋሼ፣ ሌላ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ያቺ ቀልድ ቀልድ ትሆን ነበር። እርስዎ ግን ሳይተኙበት ትራስ ሸጠው አያውቁም። ሰፍተው ሲጨርሱ ወለሉ ላይ ጣል ያደርጉና ጋደም ብለው ዓይንዎን ይጨፍናሉ፤ እኛ ልጆቹ «ጋሼ ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹ» እያልን እንስቃለን። አልተመቸኝም ካሉ ይተረትሩታል፣ ደንበኛው ቆሞ ቢጠብቅም። «ጋሼ ሆይ፣ በገዛሁት ትራስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ተኝተውበታል» ብለው የሚያሾፉብዎት ጎረቤቶች አሉ። በዓለም ላይ ስለ ሌላ ሰው ሁሉ ሊባል የሚችለውን፣ ስለ እርስዎ ብቻ የማይባለውን ነገር መርጬ ጻፍኩ። ያን ወለል ሳጸዳ ያደግሁት እኔ፣ እጄ ቢቆረጥ ይሻል ነበር።

ደግሞም እርስዎ ለደንበኛ ዋሽተው አያውቁም። «ይጓጉላል፤ ሲጓጉል አምጪው፣ ነድፌ እመልስልሻለሁ፤ ውሃ እንዳታስነኪው» ይሉ ነበር። እኔ የጻፍኩትም ያንኑ ነበር እኮ። እርስዎ ሲሉት ሰው ያምንዎትና ይገዛል፤ እኔ ስለው ሰው ስቆ ሄደ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሳስብ ሰነበትኩ። እርስዎ የሚሉት ፊት ለፊትዎ ለቆመው ሰው ነው። እኔ ማን እንደሆነ ለማላውቀው ሰው፣ ማን እንደሆንኩ ለማያውቅ ሰው ነበር የምናገረው።

ጽሑፉን ላጠፋ ሞከርኩ። ብዙ ሰው ጠቃሚ ያለውን አስተያየት ድረ ገጹ አያጠፋም። ለባለቤቶቹ ጻፍኩላቸው፤ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣልኝ፣ ሌላ የለም። ልጅዎ ቁጣዋ ሲበርድላት መልሳ ደወለችና «እሺ፣ በሌላ ስም ገብተሽ ገዝቼ ተኝቼበታለሁ፣ አንገቴን አድኖኛል ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። አልችልም አልኳት። ያኔ ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ «አክስቴ፣ ለማያውቁሽ ሰዎች ስንት እውነት ስትጽፊ ከርመሽ፣ ለእኛ አንዲት ውሸት ሰሰትሽ?» አይቆጧት ጋሼ፤ ለአባቷ ብላ ነው። ውሸቱን ግን አሁንም አልጻፍኩትም። አንገት ያድናል የሚለውን ከማስታወቂያው እንድታነሣው ለመንኳት፤ አነሣችው። እኔም ከቀድሞው ጽሑፌ ሥር በራሴ ስም «ይህን ትራስ የሚሰፋው ወንድሜ ነው፤ ሳይተኛበት አይሸጥም፤ እኔ የጻፍኩት የማላውቀውን ነው» ብዬ ጨመርኩ። ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው አሁንም ከላይ ተቀምጦ ሰው ያስቃል።

እትዬ እንደነገሩኝ፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ልጅዎ ስትነግርዎ «እንዲህ አሳምራ መጻፍ ቻለች?» አሉ አሉ። ያን ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት። አንዳንዴ እንደ ቁጣ፣ አንዳንዴ ደግሞ ልቋቋመው በማልችለው መንገድ እንደ ደስታ ይሰማኛል። ምን ማለትዎ እንደነበር ከእርስዎ መስማት ነበር የፈለግሁት፤ ስልኩን ግን አያነሡልኝም።

አሁን የምጠይቅዎት ነገር አለ። ይቅር ይበሉኝ ማለቱ ቀላል ነው፤ እሱን እርስዎ ደስ ሲልዎት ያደርጉታል ወይም ይተዉታል። የጻፍኩት ከስልክ ላይ የሚነሣ ባይሆንም የተሳቀው ግን እርስዎ ሱቅ ውስጥ ነው። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። መጥቼ ወደ ማረፊያ ቤቱ ሰውዬ ልሂድና፣ የዚያን ቀን ከሳቁት መሐል የተገኘው ሰው ባለበት «ያቺ ሴት እኔ ነኝ፤ ወንድሜን ሳላውቀው አላገጥኩበት» ልበል ብዬ አሰብኩ። ትዕዛዙን መልስ ልለው አልመጣም፤ ያ የእሱ ገንዘብ ነው። ሰው ፊት መናገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ካውያ እንኳ «ድምፅሽ ካልወጣ እኔ አብሬሽ ሄጄ ልጩህልሽ» ብላኛለች።

ነገር ግን ስሙ የእርስዎ ነው። ምናልባት ሰው የረሳውን ልቀሰቅስብዎ እችላለሁ፤ ምናልባት «እህቱ ናት አሉ» መባሉ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆንብዎታል። አያስፈልግም ካሉኝ አፌን ይዤ ቤት እቀመጣለሁ፣ እትዬን ሥራ አግዤ እመለሳለሁ። አዎ ካሉኝ እሄዳለሁ። ብቻ በዚህኛው ሳልጠይቅዎ አንዲት ቃል አልተነፍስም። መልሱን በልጅዎ በኩል አይላኩብኝ፤ ስደውል ራስዎ ያንሡና፣ ቢቆጡም በራስዎ ድምፅ ይቆጡኝ።

እትዬ ባለቤትዎን ሁለት ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ስለ እኔ ብለው መዋሸቱን ይተዉት ይበሉልኝ። ለልጅዎ ያልኳትን እንዳልረሳሁ፣ ያለችኝንም እንዳልረሳሁ ይንገሩልኝ፤ ቂም ግን የለኝም። አማችዎን አደራ፣ ሊረዳዎት ፈልጎ ነውና ፊት አይንሡት። ሕፃኗን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ብትነክስዎትም ይቻሏት። የጎረቤቶቹን ጤንነት በየተራ ይጠይቁልኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሥራ የለኝም፤ የምደውለው ያኔ ነው።

የምታከብርዎት እንጂ የማታፍርብዎት ታናሽ እህትዎ፣

ከካውያ ጋር ከምንጋራው ክፍል፣
የካቲት ፲፱ ቀን