«ተብሏል» ብዬ ያነበብኩት ወሬ

ሰኞ

ዛሬ ድምፄን ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ከአየር ጤና ስንነሳ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል። ድምፁን ለቀውታል። «ታዋቂዋ ተዋናይት ሳምራዊት ከሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የወጣባት ምስጢር…» እኔ ነኝ የማነበው። አንደኛዋ ከንፈሯን መጠጠችና «ልጅ ደብቃ ልታገባ ነበር፤ ምን ያለች ደፋር ናት» አለች። ሌላዋ «ሰውዬውን እግዜር ነው ያተረፈው» አለቻት። ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

እስቲ ልጻፈው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የታዋቂ ሰዎችን ወሬ ለሚያወራ የዩቲዩብ ቻናል ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስሜ አይጠራም፣ ፊቴ አይታይም። ቢሮ የምንለው ከጋራዥ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳዋ በሙሉ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። የቻናሉ ባለቤት ቢኒ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ። ሰፈር ውስጥ ጸሐፊ ነኝ ብያለሁ።

ቅዳሜ ያነበብኩት ይሄ ነው፦ ሳምራዊት «እህቴ» የምትላት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እህቷ ሳትሆን ልጇ ናት፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ደርሰውበት ሠርጉ ፈረሰ።

ውሸት ነው። ሳነበውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ሳምራዊት የቀራንዮ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ አስካለ ከእኔ ቤት ሁለት ቅያስ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ቸርቻችንም አንድ ነው። በአርባ አምስት ዓመታቸው ሲያረግዙ የቸርቹ ሰው ሁሉ «ሣራ» ይላቸው ነበር። ትንሿ ቃልኪዳን የተወለደች ቀን እናቴ ገንፎውን ስታገነፋ ቅቤውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ያኔ እናቴ በሕይወት ነበረች።

ቢኒን «ይሄ ነገር እውነት ነው?» አልኩት። «‹ተብሏል› ብለናል እኮ» አለኝ። አነበብኩት። በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ቦታ ሳልሳሳት።

ማክሰኞ

በእትዬ አስካለ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ታክሲ ያዝኩ። ጭቃ ነበር። ጫማዬ ተበላሸ። ይበለኝ።

ቢሮ ስገባ ቢኒ ደስ ብሎታል። ወሬው ሁሉም ጋ ደርሷል፤ ቲክቶክ ላይ የእኔን ድምፅ ቆርጠው እየሣቁበት፣ እያለቀሱበት፣ እየሰበኩበት ነው። አስተያየቶቹን አነበብኩ። ማንበብ አልነበረብኝም።

«ድሮም ፊቷ ያስታውቃል።»
«ምስኪን ልጅ፣ እናቷን እህቴ እያለች አደገች።»
«ተራኪዋ ድምፅሽ ሲጣፍጥ፣ ተባረኪ።»

ይሄኛው ነው የባሰብኝ።

ቢኒ ሁለተኛ ክፍል ጽፏል። አሁን ደግሞ ፎቶ አግኝቷል፤ ሳምራዊት ቃልኪዳንን በዩኒፎርም፣ እጇን ይዛ ከትምህርት ቤት ስታወጣት። የልጅቷን ፊት በቀይ አክብቦበታል። «ልጅ ናት፣ ሸፍነው» አልኩት። አልተከራከረኝም፤ ዓይኖቿ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረ። ወንጀለኛ አስመሰላት።

ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ድምፅ የለኝም አልኩና ወጣሁ። ዝንጅብል ግዢ ብሎ ከኋላዬ ተናገረ። ቢኒ ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ሲይዘኝ ክሊኒክ ያመላለሰኝ እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ልብስ ሳሰጣ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንኳ አላስተካከሉም። ወንበር አወጣሁላቸው።

«እስቲ ይሄን አብረሽኝ ስሚ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ፣ እኔ ስልኩን ይዤ። ሲያልቅ እንዲህ አሉኝ፦ «እሁድ እሁድ ቸርች ማስታወቂያ ስታነቢ ‹እንዲሁም› የምትይው ላይ ትንሽ ታረዝሚያለሽ። እዚህ የምታነበውም ልጅ ላይ ሰማሁት። ጆሮዬ ነው እንዴ፣ ሀኒ?»

ሦስት መልስ መጣልኝ። ሦስቱም ውሸት። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

አልጮኹም። ቢጮኹብኝ በወደድኩ። ውሃ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀሩ።

«ቃልዬ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች» አሉ። «ልጆቹ አላስቀመጧትም። ትናንት ምሳ አቅርቤላት፣ ‹እማዬ፣ እናቴ ማናት?› አለችኝ። ‹እማዬ› ብላ ጠርታኝ ነው እኮ የጠየቀችኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር።

ሲነሱ ብርጭቆውን መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት። «ሌላው ቢያወራ አያውቅም እላለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ነበርሽ። ስትወለድ አንቺ ነበርሽ።»

ልብሱን አስጥቼ አልጨረስኩም። ዝናብ መታው።

ሐሙስ

ቢኒን ቪዲዮውን እንዲያነሳው ለመንኩት። እውነቱን ነገርኩት፤ ቤተሰቡን እንደማውቃቸው፣ ልጅቷ ስትወለድ እዚያው እንደነበርኩ። አፉን ከፍቶ አየኝ። «ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ትክክል ነው። ለምን አልነገርኩትም? ሥራዬን ፈርቼ። ያነበብኩትን እኔ አልጻፍኩትም ብዬ ራሴን አሳምኜ።

ካሰበ በኋላ አንድ መፍትሔ አመጣ፦ «እሷን አምጪልኝ። እዚህ ተቀምጣ ራሷ ታስተባብል። ያኔ አነሳዋለሁ።»

የድሮ ቁጥሯ ነበረኝና ለሳምራዊት ደወልኩ። አታነሳም ብዬ ነበር፤ አነሳች። እናቷ ነግረዋታል። አልሰደበችኝም፤ ድምፅዋ ግን በምትሠራበት ድራማ ላይ ከምናውቀው የተለየ፣ የደከመ ነበር።

«ለሠርጉ አይደለም የማዝነው» አለችኝ። «ሠርጉን የተውኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ለማንም አልናገርም፤ ላንቺም።»

የቢኒን ሐሳብ ነገርኳት።

«ካሜራ ፊት ቁጭ ብዬ ‹ልጄ አይደለችም› ልበል? ቃልዬ ያንን ታያለች እኮ፣ ሀኒ። እውነቱ እሱ ቢሆንም፣ ከእኔ አፍ ስትሰማው የካድኳት ነው የሚመስላት። አሁን ማንም ‹የኔ አይደለችም› እንዲላት አልፈልግም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰው ሁሉ መልስ ስጪ ይላታል። ዝም ያለችው ጥፋት ስላለባት መስሎን ነበር።

ዓርብ

የራሴን ቪዲዮ በስልኬ ቀረጽኩ። መስኮቱ ሥር፣ ስልኩን ሩዝ ባለበት ዕቃ ላይ አስደግፌ። ስድስት ጊዜ አበላሸሁ፤ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለስፖንጅ ነው ያወራሁት።

ስለ ሳምራዊት ምንም አላልኩም። ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት፦ ያንን ወሬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሀና እባላለሁ፤ ሳነበው ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። እናቲቱ በእርግዝናቸው ወራት እየተደገፉ ቸርች ሲመጡ አይቻለሁ። የወለዱ ቀን ቤታቸው ነበርኩ፤ ልጅቷን በጨርቅ ተጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ አየኋት። የእናቷ ልጅ ናት። ይኸው ነው።

ቪዲዮውን ከመልቀቄ በፊት ወደ እትዬ አስካለ ወረድኩ። ያለፈቃዳቸው ዳግም ስማቸውን ማንሳት አልፈለግኩም። በሩን ከፈቱልኝ፤ ግቢ አላሉኝም። ቆመው አዩት። መጨረሻ ላይ «አርባ አምስት ዓመታቸው ነበር ያልሽውን አውጪው» አሉኝ።

«እሺ እትዬ።»

«አርባ አራት ነበርኩ። ለሰውም ምን ያደርግለታል።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸው ግን የሳቁ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ቶሎ ስላዞሩ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያንን አውጥቼ ለቀቅኩት። ብዙም ሳይቆይ ከቢኒ መልእክት መጣ፦ «የቢሮውን ቁልፍ ጥበቃው ጋ ተዪው።» ሌላ ቃል የለውም።

ቅዳሜ

ሥራ የለኝም። አልጋ አነጠፍኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ አልበላሁትም።

የእኔ ቪዲዮ የወሬውን ሩብ ያህል እንኳ አልታየም። ካዩትም ግማሾቹ ተሳድበዋል። «ስንት ከፈለችሽ?» «ትናንት እሷን፣ ዛሬ አለቃሽን፣ ነገ ማንን ልትሸጪ ነው?» ይሄ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኝቼም አልተወኝም።

አንዲት ሴት ግን ጻፈች፦ «ያን ቀን ቪዲዮውን ለአሥር ሰው ልኬው ነበር። ይሄንንም ለአሥሩም ልኬዋለሁ።» አሥር ሰው። ደጋግሜ አነበብኩት።

ወደ ማታ አካባቢ የቻናሉን ገጽ ከፈትኩ። ሁለተኛው ክፍል አልተለቀቀም። የመጀመሪያው ጠፍቷል። ቢኒ ምንም አላለኝም፤ ማስተባበያም አልጻፈም፤ ዝም ብሎ አንስቶታል። ሌሎች ቻናሎች በራሳቸው ድምፅ ያነበቡት ግን አሁንም አለ። እነሱን ማን ያነሳቸዋል?

እሁድ

ቸርች መሄዴን እስከ በሩ ድረስ አልወሰንኩም ነበር። ማስታወቂያውን ሌላ ሰው ያንብብ ብዬ አስቀድሜ ለሽማግሌዎቹ ደውዬ ነበር። ማንም ለምን አላለኝም። ስለዚህ ሁሉም አይተውታል ማለት ነው።

የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ቀረ። መዝሙር ሲጀመር እትዬ አስካለ መጡና እዚያ ተቀመጡ። ሰላም አላሉኝም። ስንነሳም አላዩኝም። ሲወጡ ግን፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«ቃልዬ እሄዳለሁ ብላለች። እህቷ ሳሚ ብታደርሳት ሰው ይከባቸዋል። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አንቺ አድርሻት።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሰኞ

ከቤት ስትወጣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ አልኳት፤ እምቢ አለችኝ። ረዝማለች። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፤ እህቷ ሳትሆን አትቀርም የሠራችላት።

መንገዱን አጋመስን። ከዚያ ሳታየኝ፣ «አንቺ ነሽ አይደል ያነበብሽው?» አለች።

«አዎ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ለምን?»

ለትልቅ ሰው የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ። ለእሷ ግን አንዱም አልሆነልኝም። «ፈሪ ስለሆንኩ» አልኳት። «እምቢ ብል ሥራዬን የማጣ መስሎኝ።»

ትንሽ ሄደች። «አሁንስ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሺ» አለች፤ ልክ ሒሳብ ሠርታ መልሱን እንዳገኘች ልጅ።

ከትምህርት ቤቱ በር ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ሦስት ሴት ልጆች በሩ ጋ ቆመው ያዩናል። አንዷ በሌላዋ ጆሮ የሆነ ነገር ሹክ አለች። ቃልኪዳን የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«እንመለስ?» አልኳት።

«አይ» አለች። «እስክገባ ግን እዚህ ቁሚ። አትምጪ፣ አትሂጂም።»

ቆምኩ። ሄደች፤ ልጆቹ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እሷ ምን እንደመለሰችም። አንዷ ግን ገለል አለችላትና አብረው ገቡ።

ደወሉ ተደወለ። ዘበኛው በሩን ዘጋው። ትመለስ ይሆናል ብዬ ብዙ ቆየሁ።

አልተመለሰችም።