የአሞራው ራስ እና የሐሚዳ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእፀገነት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለፈው የነገርሽኝ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? የሻርጃው ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? የኛ ቆላ እንኳ እንደምታውቂው ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ሰሊጡ ደርሷል፣ ሙቀቱ ግን ከነንዴቱ አለ። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔም አካሌ ደህና ነው። ልቤ ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ አምስት ቀን ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ያስደነግጥሻል ብዬ ነው። የጋሼ ደረበ ልጅ አየሁሽ ወደ አንቺ አገር ስለምትመጣ በእጇ ታደርስልሻለች። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከቤታችን ሰው ሊመልሰው የሚችለው አንቺ ብቻ ነሽና እባክሽ እስከ ዳር አንብቢው።

የአውሮፕላኑን ራስ ነገር ታውቂያለሽ። ጥፋት ካለው ግማሹ የእፀገነት ነው እያልኩ እማዬ ፊት እቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ አፌ ላይ ደርቋል። የዛሬ ሦስት ዓመት አውሮፕላን ስታጸጂ አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ገብተሽ፣ «ንብረት፣ ብታየው ግድግዳውም ጣሪያውም ማብሪያ ማጥፊያ ነው» ብለሽ ፎቶ ላክሽልኝ። ፎቶውን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ትራክተር በፈታሁ ቁጥር ቀና እያልኩ ሳየው ኖርኩ። አምና መተማ ዮሐንስ ላይ የአንድ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መኪና ተሰብሮ ልጠግን ሄድኩ። ግቢው ከሱዳን በኩል በመጣ ብረት ተሞልቷል። ከብረቱ መሃል የመንገደኛ አውሮፕላን ራስ ተቆርጦ ወድቆ አየሁ። የት ቆሞ እንደነበረ፣ ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ አልነበረም። መስኮቶቹ ረግፈዋል፣ ወንበሮቹ ተነቅለዋል፣ ውስጡ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ለድካሜ እሱን ስጠኝ አልኩት። ሳቀብኝና ሰጠኝ።

የሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ አስገብቼ አሥር ወር ለፋሁበት። በተነቀለው ወንበር ቦታ የትራክተር ወንበር በየድኩ። ከተበላሹ ሬዲዮኖች ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ቁልፍ እየነቀልኩ ከመሪው ዘንግ ጋር አያያዝኩ። መሪው ሲሳብ ቁልፉ ይዞራል፣ አንቺ የላክሽልኝ ኮምፒውተር ደግሞ በውስጡ ባለው የበረራ ፕሮግራም መዞሩን አንብቦ በምስሉ ላይ ያለውን አውሮፕላን ቀና ያደርገዋል። በመስኮቶቹ ቦታ ሦስት ቴሌቪዥን ተከልኩ፤ ሰማዩም ሜዳውም የሚታየው በነሱ ነው። ከመሬት ሳይነሡ መብረር ማለት ይኸው ነው። የሽንፋ ሰው «የአሞራው ራስ» ብሎ ስም አወጣለት። ባጃጅ ነጂዎቹ በበሩ ባለፉ ቁጥር «ካፒቴን! ሳንጃ፣ ሳንጃ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይሉኛል። እኔም «መጀመሪያ ሻንጣችሁን አስመዝኑ» እላቸዋለሁ።

እማዬ ብቻ አትስቅም ነበር። «በዚህ ዘመን ሰው ከሰማይ ይደበቃል፣ አንተ ጎትተህ ቤት ታስገባለህ» ትለኛለች።

ሐሚዳም አትስቅም። ሐሚዳን በስልክ አግኝተሻታል፤ ጦርነቱ ሲነሣ ልጇን መጂዳን አዝላ ከካርቱም በገላባት በኩል የተሻገረችው፣ ጓሯችን ካለችው ክፍል እየኖረች ለሠራተኛ ፉል ቀቅላ የምትሸጠው ናት። በመጋዘኑ በር ፊት አታልፍም ነበር። ውኃ ስትቀዳ እንኳ በጓሮ ዞራ ነው። ወንድ ስለሚበዛበት አፍራ ነው ብዬ ገመትኩ፤ አልጠየቅኳትም። ባሏንም ጦርነት ገደለው ከማለት አልፋ አልነገረችንም፣ እኛም አልፈን አልጠየቅንም።

ጥፋቴ የደረሰው ጥቅምት 18 ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ምስሉ ሠርቶ ድምፅ ጎድሎት ስለነበር፣ ጋሼ ደረበ ለሰርግ ከሚያከራዩአቸው ድምፅ ማጉያዎች ሁለቱን ተዋስኩ። እሳቸውም «እንግዲህ አሞራው ሲዳር ጥራን» ብለው ቀልደው ሰጡኝ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩና የፕሮግራሙን ሞተር አስነሣሁ። እታለም፣ መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው። ድምፁን ተቀብሎ አብዝቶ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ወንበሩም፣ መሬቱም፣ ጥርሴም ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። እኔ ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ ጮህኩ። ከጎንደር ማኮብኮቢያ ተነሥቼ ሩብ ሰዓት ያህል በረርኩ። ውጭ የሚጮኸውን ሰው አልሰማሁም።

ሳጠፋው ጸጥ አለ። ውሻ አይጮኽም፣ ወፍጮ አይሰማም። በሩን ከፍቼ ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ አንድ ባጃጅ አፍንጫው ቦይ ውስጥ ተሰክቶ ባዶውን ቆሟል። ከጋሼ ደረበ ማሳ ሰሊጥ ሲያጭዱ የነበሩት ሠራተኞች ማጭዳቸውን ጥለው በየሰሊጡ መሃል በደረታቸው ተኝተዋል። መጀመሪያ የተነሣው አንድ የጎጃም ሰው ነው። እኔን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ፣ «አንተ ነህ? አንተው ነህ ወይ?» አለኝ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመሩ። አንዱ ከሰሊጥ ክምር ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ እግሩ ውጭ ቀርቶ ነበርና «እግርህንስ ለማን ተውክለት?» ብለው አላገጡበት። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ መጣችና «ሐሚዳስ?» አለች።

ክፍሏ ክፍት ነበር። ፉሉ እሳት ላይ እንደተጣደ አርሮ ቤቱን ጢስ ሞልቶታል። የመጂዳ አንድ እግር ጫማ ደጃፉ ላይ ቀርቷል።

ወዴት እንደሮጠች ማን ያውቃል? በአንድ በኩል ድንበሩ ነው፣ በሌላው በኩል ጫካው ነው። የጫካውን ነገር ላንቺ አልዘረዝርም፤ ባለፈው ክረምት ከዚያ ታግተው የተወሰዱትን ሰምተሻል። በሬ የጠፋበት ሰው እንኳ ከአሥር ሰዓት በኋላ አይገባበትም። ሃያ ያህል ወንዶች «ሐሚዳ! ሐሚዳ!» እያልን ወንዙን ይዘን ሄድን። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ ምንም የለም። ድምፄ ተዘጋ። በልቤ የልጅቷን ሬሳ ተሸክሜ ስመጣ እያየሁ ነበር የምራመደው። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል እማዬ ጉልበቷን እየጎተተች ከኋላችን ደረሰችና ተቆጣችን። «ድሮስ ወንድ እየጮኸ ሲመጣ አይደል የሸሸችው? ዝም በሉ! ተቀመጡ!» አለች። ሃያ ወንዶች መንገድ ዳር ተቀመጥን። እሷ ብቻዋን በመንገዱ ጠርዝ እየሄደች፣ ልክ ለራት እንደምትጠራት አድርጋ፣ «መጂዳ፣ ነይ እንጂ፣ ፉልሽ ቀዘቀዘ፤ መጂዳዬ» ትል ጀመር።

ከመንገዱ ሥር፣ የክረምት ጎርፍ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነበሩ። ሰባት ሰዓት ሙሉ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ የቆመ ውኃ ውስጥ። እኛ በላያቸው ሁለት ጊዜ አልፈናል። መጂዳ ድምፃችንን አውቃ ልትመልስ ስትል እናቷ አፏን አፍና ይዛታለች። የእማዬን ድምፅ ሰምተው ሲወጡ የሐሚዳ አራት ጣቶች በልጅቷ ጉንጭ ላይ ጠቁረው ታትመው ነበር። ያ ጉንጭ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ሐሚዳ ሦስት ቀን አልተናገረችም። ስትናገር ለእማዬ ነው የነገረቻት። ባሏን ገደለው ያለችን ጦርነት፣ ለካ አውሮፕላን ነበር፤ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሰልፉ ላይ እንደቆመ ቦንብ ጣለበት። ጋሼ ደረበ ድምፅ ማጉያቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ «ንብረት ልጄ፣ አልቆጣህም፤ ያዋስኩህ እኔ ነኝ። ግን ይህን ብረት ቆራርጠህ ጣለው» አሉኝ። እኔም የብረት መቁረጫውን ጋዝ አምጥቼ ካጠገቡ አቆምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልቆርጠው ስዘጋጅ ሐሚዳ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር። «ድምፅ አለው?» አለችኝ። «የለውም፣ ሽቦውን ቆርጬዋለሁ» አልኳት። «ወላሂ በል» አለች። ማልኩላት። ገብታ የትራክተሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትነካ። «ንብረት፣ ጠያራውን ወደዚህ አምጣው» አለች፤ አውሮፕላኑን ማለቷ ነው።

እኔ ቆሜ መሪውን ይዤ ከጎንደር አስነሣሁና በዝምታ ወደ ቆላው ወረድኩ። ተራራው አለቀ፣ ሜዳው መጣ፣ የሽንፋ ወንዝ እንደ ክር ታየ። «እኛ የት ነን?» አለች። ጠቆምኳት፤ ቡናማ መሬት ነው። «ቤቱስ?» የለም። «ዝቅ በል» አለች። ዝቅ አልኩ። «ሰው የታለ?» የለም። «ዝቅ በል» አለች እንደገና። መሬቱን ልንነካው እስክንል ዝቅ አልኩ፤ ዛፍ እንኳ አልነበረም። ሐሚዳ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። ቀጥላ ያለችውን እንዳለችው ልጻፍልሽ። «ከላይ ሰው የማይታይ ከሆነ ያ አብራሪ ሰውዬ አላየንም። ያላየ ሰው ተሳሳተ እላለሁ፣ ለልጄም እንዲያ ብዬ እነግራታለሁ። የሚታይ ከሆነ ግን...» አልጨረሰችውም። በሩ ላይ ደርሳ ዘወር አለችና፣ «አጣራና እውነቱን ንገረኝ» ብላ ወጣች።

ምን ልበላት እታለም? ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው የሌለው ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ሽንፋ የምትባል አገር መኖሯን ስለማያውቁ ነው፤ ትልልቆቹ ከተሞች ላይ ቤቱም መኪናውም አለ። ይህን አልነገርኳትም። ዝም ማለቴ ውሸት ይሁን ምሕረት አላውቅም። እኔ የበረርኩት በትራክተር ወንበር ላይ ነው። ከመካከላችን በእውነተኛው ሰማይ ላይ ሆኖ ወደ ታች ያየ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ስትሄጂ መስኮቱ ጥግ እንደተቀመጥሽ፣ ሲነጋም እስክታርፉ ድረስ ዓይንሽን ከታች እንዳላነሣሽ ነግረሽናል። ከምን ያህል ከፍታ ላይ ነው ሰው ሰው መሆኑ የሚታወቀው? ልብስ የምታሰጣ ሴት ትታያለች? ለዳቦ የተሰለፈ ሰው ይታያል? አብራሪዎች ሲወርዱ ታገኛቸዋለሽና ከነሱም ጠይቂልኝ። የሚያጽናናኝን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊልኝ።

ሁለቱንም መልስ እፈራለሁ። አይታይም ካልሽኝ፣ እኛም አንድ ቀን ማንም ሳያየን ልናልቅ እንችላለን ማለት ነው። ይታያል ካልሽኝ፣ ለሐሚዳ የምነግራት እኔ ነኝ። ጋዙ አሁንም ከአሞራው ራስ አጠገብ ቆሟል፤ መልስሽ እስኪመጣ አልቆርጠውም፣ አላበራውምም። ሰሞኑን ወፍጮ ሲነሣ እንኳ መፍቻዬን ጥዬ ሰማይ አያለሁ። ድሮ ሰማይ ሳይ የሚያምረኝ መብረር ነበር።

እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ወገብሽን በሞቀ ጨው ታሺው ብላለች። ጋሼ ደረበ ሰላም ይሉሻል፣ አየሁሽን አደራ ብለዋል። ባለቤታቸው እትዬ አገኘሽም እንዲሁ። ሐሚዳ ይህን መጻፌን ታውቃለች፤ ሰላምታዋን ልካለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የመጂዳ ጉንጭ ድኗል። እሷ ጥያቄውን ሰምታ የራሷን መላ መትታለች፤ ትናንት የእናቷን ቀይ ቶብ፣ ያን ረጅሙን መጎናጸፊያ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዘርግታ አገኘናት። «እፀገነት ስትመጣ ከላይ አይታ እኛ መሆናችንን እንድታውቅ ነው» አለች። ሐሚዳ ሮጣ ወጥታ አወረደችው። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤላት ነበር። ይዘርጋ ልበል ወይስ ይውረድ አላወቅሁም፤ መሰላሉን አጥብቄ ያዝኩ።

ወንድምሽ ንብረት
ሽንፋ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.