ከኅዳር እስከ ሚያዝያ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ስኳሩስ ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጃችንም ደህና ናት፤ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆናለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አብረን የሠራንባት፣ አንተም የቀረህባት ደሴት የውሃ ጉድጓዶች ጨው ሆኑ፤ ዝናቡ አጠረ፣ ባሕሩም ከፍ አለ ብለሃል። «ጥፋቱ የአየር ንብረቱ እንጂ የእኔ አለመሆኑን ላሳይ፤ የድሮውን የመለኪያ ደብተርሽን ላኪልኝ፣ አለዚያ አሠሪዎቼ ከነውርደቴ ያሰናብቱኛል» ስትል ጽፈሃል። በሃያ ስምንት ዓመት «እባክሽ» ስትለኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው።

ዝናቡ ማጠሩም ባሕሩ መቅረቡም እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ የሚጠጣው ውሃ ከመሬት በታች ጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚቀመጠው። በዝናብ ወራት ይሳባል፤ በደረቁ ወራት ማረፍ አለበት። ይህን ከጉድጓድ ጠባቂው ከሳላሃዲን ጋር ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ለክቼ፣ «ከ3 እስከ 8 በብዛት ይሳብ» ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። አንተ እኔንና ልጅህን ወደዚህ አሜሪካ ሸኝተህ፣ ከሪፖርቱ ስሜን አውጥተህ ስምህን አስገባህ። እከተላችኋለሁ ማለትህን አላነሳም።

ወራቱን የጻፍኩት ግን በሀገሬ አቆጣጠር ነበር። 3 ኅዳር ነው፣ 8 ሚያዝያ፤ የደሴቲቱ የዝናብ ወራት። አንተ በፈረንጅ ቆጥረህ ማርች እስከ ኦገስት ብለህ ገለበጥከው፤ ጉድጓዶቹም ማረፍ በሚገባቸው ጊዜ ሲሳቡ ኖሩ። የሰው ሥራ የሚገለብጥ ቢያንስ አስተውሎ ይገልብጥ። የታተመውን ሪፖርትህን ያነበብኩትና ስህተቱን ያየሁት ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው።

ባለፈው ወር ሳላሃዲን ደወለልኝ። በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛችን፣ ለወጥ ጨው መግዛት ትተናል፣ መንግሥት በቧንቧ ይልክልናል አለኝ። ሳቅሁ። ቀጥሎ ነፍሰ ጡር የልጅ ልጁ ደም ግፊት እንደያዛት፣ ሐኪሙም ያንን ውሃ እንደከለከላት ነገረኝ።

ልጃችን፣ «ማሚ፣ ሌት ኢት ጎ አድርጊው» ትለኛለች። እርሺው፣ ተይው ማለት ነው ብላ አስረድታኝ አልተስማማሁም።

ደብተሩን ልኬዋለሁ፤ ለአንተ ግን አይደለም። ለሳላሃዲን መንደር የውሃ ኮሚቴ፣ ግልባጩን ለአሠሪዎችህ፤ የእኔን ገጽ ከአንተ ገጽ ጎን አድርጌ፣ የወራቱን ፍቺ ጽፌበት። የእነሱ በፈጣን መልእክት ሄዷል፤ ይህ የአንተ ደብዳቤ በተራ ፖስታ።

ሳላሃዲን አመስግኖኛል። መቼ እንዳወቅሁ ግን እስካሁን አልጠየቀኝም። አንተ ብትነግረው አላስተባብልም።

እግዚአብሔር ለመንደሩ ዝናቡን ይመልስለት። ለአንተም ከዚያው ጉድጓድ እየጠጣህ የምትኖርበት ረጅም ዕድሜ ይስጥህ።

የልጅህ እናት
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ