ትከሻዬና የአዘዘ ስንቅ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ይድረስ ጎርጎራ ላሉት ለእማማ ውዴ፣

ሰላምታዬ ከጣና ውኃ ይብዛልዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ላሚቱስ ወለደች?

እኔ የልጅዎ የአዘዘ ሚስት ጽጌ ደኅና ነኝ፤ ትከሻዬ ብቻ እንጨት ሆኖብኛል። የፋብሪካችን ነርስ «ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ሳቢና ቀስ ብለሽ ልቀቂው፤ ከዚያ ወደ ኋላ አዙሪው፤ እንዳታስገድጂው» አለችኝ። መሳቡንስ እሺ ይላል፤ መለቀቁን ነው እምቢ ያለኝ።

ለአዘዘ ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ ስቆምም እሠራዋለሁ። ሌሎቹ ሴቶችም እኔን አይተው ትከሻቸውን ቢያዞሩ፣ ዘበኛው «ይህ ደግሞ የምን አድማ ነው?» ብሎ ጮኸብን። ሁላችንም ሳቅን።

ነርሷ ከባድ ነገር አትሸከሚ ብላኛለች። አገልግሉ ድሮ ስመለስ ባዶ ስለነበር ይቀለኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ዘበኛው ያስገባና እንደሞላ መልሶ ያወጣልኛል። ሁዳዴ ነው፤ ጾሙን አጥብቆ ይሆናል እላለሁ። ሽሮውን ዘይት አብዝቼበትም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዘዘ አገልግሉን ሲመልስልኝ፣ ጨርቁን አባቱ ታንኳ ሲያስሩ እንዳስተማሩት አድርጎ ነበር የሚቋጥረው። አሁን የሚመለሰው እኔ ጠዋት እንደቋጠርሁት ነው። ሰው ከልጅነቱ የለመደውን ቋጠሮ ይረሳል እንዴ፣ እማማ?

መልስዎን ጀልባው ሲመጣ ይላኩልኝ። እኔ ነገም እሄዳለሁ።

ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ስባ የምትጠብቅዎ፣
ልጅዎ ጽጌ